የተማለበት ሣር

በኮሶ ምንጭ ሰው ሲጣላ «ወልደ ጻድቅ ይፍረዱን» ይባል ነበር። በግ የጠፋበት፣ ድንበር የተገፋበት፣ በአባቱ በርኖስ ከወንድሙ ጋር የተካሰሰ ሁሉ የእሳቸውን ደጅ ይረግጣል። ፍርዳቸው አይጥምም፤ ግን አያዳላም። አንዴ የገዛ ወንድማቸውን «ድንበር ገፍተሃል» ብለው በሰው ፊት ካስመለሱት ወዲህ፣ ከሞላሌ እስከ ቀየት ገበያ ስማቸው በደግ ይነሣል። እሳቸውም ይህን ያውቁታል። ባያውቁት ይሻል ነበር።

ከመንደሩ በላይ፣ ጅብራ ከሚበቅልበት ተረተር ሥር፣ ሰፊ የጓሳ ሜዳ አለ። ጓሳ የሚሉት ሣር ለደጋ ሰው ብዙ ነገሩ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ክፉ ዘመን ሲመጣም ከብት ይተርፍበታል። ችግሩ ከታጨደ ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ የጥንቶቹ አባቶች ዘግተው ያቆዩትና ሲደርስ ለሁሉም እኩል ይከፍቱት ነበር። በደርግ ጊዜ ያ ሥርዓት ፈረሰና ሜዳው ተመለጠ፤ ዝናብ አፈሩን እየጠረገ ወደ ገደል ወሰደው። ደርግ በወደቀ ማግስት የመንደሩ ሰው በሚካኤል ደጅ ተሰብስቦ፣ ቄስ መርስዔ ኃዘን መስቀል ይዘው፣ ሣሩን እንደ ጥንቱ ሊከልል ማለ። ሳይከፈት የገባ ሰው ሣሩን የበላው ከብቱ ይታረዳል፣ ሥጋውም ለመንደሩ ይከፋፈላል ተባለ። «አንድ ከብት ብቻ ያለው ቢሆንስ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወልደ ጻድቅ ዳኛ ሆኑ፤ ጎልማሶቹ ደግሞ ተራ ገብተው ይጠብቁ ጀመር።

ሜዳው አገገመ። ሣሩ እንደ ድሮው ወገብ ደረሰ። አንድ ጊዜ የገብረየሱስ በሬ ገብቶ ሲግጥ ተገኘ። ገብረየሱስ ከብትም በግም የተረፈው ሰው ነው፤ ያ በሬ ግን የጥማዱ መሪ ነበር። ቢሆንም ቃል ሳይተነፍስ እየጎተተ አመጣው። ሥጋው ሲከፋፈል የእሱም መደብ ተሰጠው፤ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሜዳውን የደፈረ አልነበረም።

በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት በልጉ ቀረ። የካቲት ደመና አምጥቶ ለነፋስ ሰጠው፤ መጋቢትም እንዲሁ። የበቀለችውን ጥቂት ገብስ ውርጭ ጠበሳት። ጓሳውም ሊከፈት ገና ወራት ይቀሩት ነበር። ሰው በጉን እየነዳ ወደ ገበያ ወጣ፤ ገበያው ግን በበግ ተጥለቅልቆ ገዢ ጠፋ።

የወልደ ጻድቅና የወይዘሮ ጌታነሽ አንድያ ልጅ አማከለች እዚያው መንደር ነበር የተዳረችው። ባሏ በኃይሉ ከድህነት በቀር ነውር የሌለበት ሰው ነው። በጎቻቸው ካለቁ በኋላ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወረደ፤ ቤት የቀሩት እሷ፣ ሁለት ልጆችና ቡሬ የሚሏት አንዲት ላም ብቻ ናቸው። ታናሺቱ ሕፃን ናት። የእናቷ ጡት በራብ ስለ ደረቀ ነፍሷን ያቆየችው በቡሬ ወተት ነው። ወልደ ጻድቅ ካላቸው ገብስ ለልጃቸው አካፍለዋታል። ጭድ ግን አልነበራቸውም፤ ክምሩን የራሳቸው በሬዎች ጨርሰውት ቅጠል ሲለቅሙ ነበር የሚውሉት።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሜዳው ጠባቂዎች አንዱ የሆነው ይታየው መጣ። ቆቡን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ነበረኝ። እንዴት እንደምነግርዎ እንጃ።»

«እንደሆነው ንገረኛ።»

«ጉሙ ውስጥ የማጭድ ድምፅ ሰምቼ ሄድኩ። ስደርስ አማከለች ናት። አንድ ሸክም አጭዳለች። ‹ለቡሬ ነው ይታየው፤ ወተቷ ሊነጥፍ ነው፤ ልጄ ልትሞትብኝ ነው› አለችኝ። እኔም ሸክሟን አሸክሜ ሰደድኳት።»

«አሸከምካት?»

«ምን ላድርግ? ጉም ነው፤ ማንም አላየን። እኔ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ኋላ ከሌላ ቢሰሙ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው የነገርኩዎ።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ከጓዳ ወጡ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉት። «እሱ ጉም ያለበሰውን እኛ አንገልጠውም።»

ወልደ ጻድቅ ልባቸው ደንግጧል፤ የልጅ ልጃቸው ፊት መጣባቸው። ከድንጋጤው ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። በሞላሌ ገበያ ሰው ለሰው «በልጁም ፈረደ እኮ!» ሲባባል ገና ሳይሆን ይሰማቸው ጀመር። ሐሳቡን እንደ ዝንብ እሽ አሉት። ተመልሶ መጣ።

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ» አሉ፣ «ሰዉ ሁሉ ባለበት ታቆማታለህ።»

«ጋሼ!»

«ያልኩህን ስማ። ካላቆምካት አንተንም አብሬ አቆምሃለሁ።»

«አብደሃል እንዴ ሰውዬ?» አሉ ጌታነሽ። «ማን ጠየቀህ? ማን ከሰሳት?»

«ማንም ስላልከሰሳት ነው።»

እሑድ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በትልቁ ጽድ ሥር ተሰበሰበ። አማከለች ሕፃኗን አዝላ መጣች። ይታየው ያየውን ሲናገር ድምፁ አልወጣ ብሎ «ጮክ በል» ተባለ። እሷ አልካደችም። «አጭጃለሁ» አለች። «አንድ ሸክም። ሕፃኗን እዩዋትና ፍረዱ።» አዝላ የነበረችውን ልጅ ወደ ፊት አዞረቻት። የልጅቱ አንገት እንደ ሽንብራ አገዳ ቀጥኖ ነበር።

ሰዉ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ የተነሣው ገብረየሱስ ነው።

«እኔ ከማንም በፊት የመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል» አለ። «በሬዬ ታርዷል፤ እናንተም በልታችሁታል። ቅርም አላለኝም። ግን እኔ ሌላ በሬ ነበረኝ፤ እሷ ሌላ ላም የላትም። እኔ የመጣሁት ‹የኔ ታርዷልና የሷም ይታረድ› ልል አይደለም። ይለፋት።»

ቄስ መርስዔ ኃዘንም ቀበል አድርገው፣ «ማሰር የተሰጠው እጅ መፍታትም ተሰጥቶታል» አሉ። «ንስሐ ትግባ። ዘመኑ ሲሻሻል ለቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ሣር ተሸክማ ታምጣ። መሐላውን በዚህ እንፈታላታለን። ምን ትላላችሁ?»

«ይበጃል! ይበጃል!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ። አንዳንዶቹ እፎይ ብለው መነሣት ጀመሩ።

ወልደ ጻድቅ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው።

«አምና የገብረየሱስ በሬ ሲታረድ ይህ መፍታት የት ነበር? ዛሬ የዳኛው ልጅ ስትሆን ነው ትዝ ያላችሁ? ነገ የአንድ ደሀ ልጅ ሲገባ ምን ብለን ልናርድበት ነው?»

አማከለች ቀና ብላ አየቻቸው። «ደሀዋስ እኔ አይደለሁም ወይ አባዬ?»

ዓይናቸውን ከእሷ አንስተው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ቡሬ ትታረድ» አሉ።

ገብረየሱስ ተመልሶ ተቀመጠ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ካባቸው ውስጥ መለሱ። ዳኛው ከፈረዱ፣ ያውም በልጃቸው ከፈረዱ፣ ማን ምን ይላል?

ሰኞ ጠዋት ላሚቱ ታረደች። አስቸጋሪ አልነበረችም፤ እጅ የለመደች ስለሆነች የሚጥሏትን ሰዎች እጅ ትልስ ነበር። ግቷ ሲቆረጥ የቀረው ወተት ቆዳው ላይ ፈሰሰ፤ የሚበልቱት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። ቅርጫ ባለበት የማይጠፋው ጨዋታና ክርክር ያን ዕለት አልነበረም። እያንዳንዱ መደቡን በጋቢው ሸፍኖ፣ ሳይሰናበት፣ በአጥር በአጥሩ ሄደ። ወልደ ጻድቅም መደባቸውን ተቀበሉ። ባይቀበሉ «ራሱ የፈረደውን ተጸየፈ» ይባላል ብለው ፈሩ።

ወይዘሮ ጌታነሽ ሥጋውን ከእጃቸው ተቀብለው አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ይዘውት ወጡ። ሰዎቹ ገና ቢላዋቸውን በሣር እየጠረጉ ሳለ ደርሰው ቆዳው ላይ አስቀመጡት።

«የልጅ ልጄ ጉርሻ ነው» አሉ። «እኔ ጥርስ የለኝም።»

ወልደ ጻድቅ በማግስቱ ከቀሯቸው በጎች አንዲት ወላድ ነድተው፣ ገብስም አሸክመው ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ። አማከለች በሩን ከፈተች፤ ከደፉ ላይ ቆማ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። በጓን ግን አልተቀበለችም። «ለነፍስዎ ይሁንልዎ አባዬ» አለች። «ለኔ አይበጀኝም።» በዚያው ሳምንት ልጆቿን ይዛ በእግሯ መሐል ሜዳ ከተማ ገባች። ከዚያ ደብረ ብርሃን በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ስትሄድ ያያት ሰው ነገራቸው። ሕፃኗን እስከዚያ ያቆየቻት የገብረየሱስ ሚስት ኮከብ ናት፤ በየጠዋቱ ከላሟ ወተት በቅል ትልክላት ነበር።

በኃይሉ ሰኔ ሲገባ ከቆላ ተመለሰ፤ ቤቱ ተዘግቷል። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ወልደ ጻድቅ ቤት መጥቶ ቆሞ ውኃ ጠጣ፣ የሄደችበትን ጠየቀ፣ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ።

እንደ ፈሩትም እንደ ተመኙትም፣ ወሬው በገበያው ሁሉ ተነዛ። ሞላሌ ላይ የማያውቁት ሰው ቆሞ እጅ ነሣቸው። «በልጁ የፈረደው ሰውዬ እኚህ ናቸው» ሲል ሰሙት። በመጀመሪያው ቀን ደረታቸውን ሞቅ አደረገው። በሁለተኛው ገበያ ሲሰሙት እሬት እሬት አላቸው። በሦስተኛው ገበያ አልሄዱም።

ክረምቱ ደህና ዘነበ። ጓሳው በድርቁ ጊዜ ጭምር ሳይነካ ስለቆየ ነፋስ ሲመታው እንደ ባሕር ይንቀሳቀስ ነበር። ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት የቀበሌው ሹማምንት ስብሰባ ጠሩ።

«መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው» አለ ከመካከላቸው አንዱ፣ ከሌላ ቀበሌ ተዛውሮ የመጣ ወጣት። «ግለሰብ በመሐላ ከልሎ የሚቀመጥበት ዘመን አልፏል። የሜዳው ታችኛው ክፍል ለሥራ አጥ ወጣቶች ለእርሻ ይሰጣል። የቀረው ከነገ ጀምሮ ክፍት ነው። ልማት ነው።»

ወልደ ጻድቅ ተነሡ። ሜዳው በደርግ ጊዜ ምን ሆኖ እንደነበር፣ ተዳፋቱ ቢታረስ ጎርፍ እንደሚበላው፣ በሚካኤል ደጅ እንደተማለበት ተናገሩ። ወጣቱ በትዕግሥት ሰማቸው።

«አባቴ፣ መሐላ ሕግ አይደለም። ለማንኛውም ሕዝቡ ይወስን። የሚቃወም እጁን ያውጣ።»

እጃቸውን አወጡ። ዘወር ብለው ሲያዩ ሌላ እጅ የለም። ቄስ መርስዔ ኃዘን ጥምጥማቸውን ያስተካክላሉ። ይታየው በጭራሮ መሬት ይጭራል። ወልደ ጻድቅ እጃቸውን መቼ እንደሚያወርዱት ጠፍቷቸው፣ እንደዚያው አንስተው ቆዩ።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። በማግስቱ ጠዋት ግን የባሰው ሆድ ሁሉ የራሱን ማጭድ ይዞ ወጣ። ወንዱም ሴቱም፣ ከሌላ መንደር የመጣውም ሜዳውን ወረረው። የደረሰውንም ያልደረሰውንም አጨዱት፤ ሥሩን የነቀሉትም ነበሩ። ወልደ ጻድቅ ወደ ሜዳው በሚያስወጣው መንገድ ላይ ቆመው አዩአቸው። የሚያልፈው ሁሉ «እንደምን አደሩ» ይላቸዋል፤ አክብሮቱ አልጎደለም። ገብረየሱስ አህዮቹን ጭኖ ሲወርድ አስቆሙት።

«አንተም ገብረየሱስ?»

«እኔም ጋሼ።»

«መሐላውስ?»

ገብረየሱስ አህዮቹ እንዲያልፉ ለቀቃቸው። «እውነቱን ልንገርዎ? በሬዬ የታረደ ዕለት አልከፋኝም። ጥፋቴ ነበር። ያቺ ላም የታረደች ዕለት ግን ሥጋውን ቤቴ ወሰድኩ፤ ልጆቼ ሲበሉ ማየት አቅቶኝ ወጣሁ። የሁላችንም ቤት እንዲሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ሣር ባየሁ ቁጥር አፍር ነበር። ሰው ያፈረበትን ነገር እድሜ ልኩን ዘብ አይቆምለትም።»

«ሕግ ነው የፈረደው፤ እኔ አይደለሁም።»

«ሕጉማ የሁላችን ነበር። ይለፋት ብለን ነበር እኮ! እርስዎ ብቻዎን ወሰዱት።» ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ እንደ ማፈር ብሎ፣ «የቤትዎ ክዳን አርጅቷል። ከዚህ ላይ አንድ ሁለት ሸክም ላውርድልዎ?» አለ።

«ተወው» አሉት።

ታኅሣሥ ላይ፣ ገብሱ ከተወቃ በኋላ፣ ወልደ ጻድቅ በሶና አንድ የበግ ጠጉር ባና ይዘው ደብረ ብርሃን ወረዱ። የአገራቸውን ሰው እየጠየቁ የልጃቸውን ቤት አገኙት፤ ከከተማው ዳር ያለች ጭቃ ቤት ናት። አማከለች ሕንጻ በሚሠራበት ድንጋይ ተሸክማ ውላ ገና መመለሷ ነበር፤ ሲሚንቶው ቅንድቧ ላይ ነጥቷል። ጉልበታቸውን ሳመች፣ ያላትን አንድ በርጩማ ሰጠቻቸው፣ ሻይ አፈላች። ሕፃኗ መራመድ ጀምራለች። እጃቸውን ዘረጉላት፤ ወደ እናቷ ቀሚስ ሸሸች።

በመንገድ ላይ ብዙ ነገር አስበው ነበር። ከአፋቸው የወጣው ግን «ሣሩ ተከፈተ» የሚል ነው።

«ሰምቻለሁ።»

«ሁሉም አጨደው። ማንም አልተቀጣም።»

አማከለች ብርጭቆውን ከፊታቸው አኖረች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ አባዬ። ያቺ ቀን ብትመለስ፣ ዛሬም ይፈርዱብኝ ነበር?»

አንድ ቃል ነበር የፈለገችው። ያውቁታል። «የለም» ቢሉ ይበቃት ነበር። ነገር ግን «የለም» ካሉ ያ ሁሉ ለምን ሆነ? ላሚቱ ለምን ታረደች? በጽዱ ሥር ቆመው የተናገሩት ምን ሊሆን ነው?

«መሐላ ነበር ልጄ» አሉ።

ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። አልተቆጣችም።

«እንግዲያስ መሐላዎ ይጡርዎ። እሱው ይቅበርዎ» አለች። ከዚያ ሻይ ጨመረችላቸው። «እናቴን ግን ይላኩልኝ። እኔም በኃይሉም ሥራ ስንውል ልጆቹን የሚይዝልን የለም።»

ወይዘሮ ጌታነሽ መልእክቱን ሲሰሙ ምንም አልጠየቁም፤ ጓዛቸውን ማሰናዳት ጀመሩ። ጓዙን እስከ ሞላሌ የተሸከሙት ወልደ ጻድቅ ናቸው። መኪናው እስኪሞላ ጎን ለጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ዶሮዎቹን ለኮከብ ሰጥቻታለሁ» አሉ ጌታነሽ። «አንተ አትችላቸውም።»

«ደግ አደረግሽ።»

«ሽሮው በትንሹ እንስራ ነው ያለው። ክዳኑን በደንብ ግጠመው፤ አይጥ አለ።»

«እሺ።»

«እኔ ስንቴ ነገርኩህ…» ብለው ጀመሩና ረዳቱ «ግቡ እናቴ!» ሲላቸው ሳይጨርሱት ተነሡ። መቼ እንደሚመለሱ አልተናገሩም፤ ወልደ ጻድቅም አልጠየቁም።

መንደራቸው ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል፤ ብርዱ ከወዲሁ አጥንት ይሰብራል። ወደ ቤት ገቡ። ጌታነሽ ጠዋት አመድ ያለበሱትን ፍም ለማንሳት ምድጃውን ጫሩት። ጠፍቷል። ክብሪት የት እንደሚቀመጥ አያውቁም። ጓዳውን ሲዳብሱ ቆዩና ተዉት፤ ገል አንስተው ወጡ።

በኮሶ ምንጭ እሳት ሊጭር የሚሄድ ሴት ወይም ልጅ ነው። ሽማግሌ ወንድ ገል ይዞ ጎረቤት ሲቆም የታየበት ጊዜ የለም። ቅርብ ያለው የገብረየሱስ ቤት ስለሆነ ከአጥሩ ሥር ቆመው አሳሳሉ። ኮከብ ወጣች፤ ገሉን አይታ ነገሩ ገባት።

«ውይ ጋሼ! ልጅ ልከው አይሆንም ነበር?»

የሚልኩት ልጅ እንደሌላቸው ወዲያው ትዝ አላትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ገሉን ተቀብላ ገባች። ከውስጥ የገብረየሱስ ድምፅ፣ «ይግቡ፣ እሳት ይሙቁ፤ እራትም ደርሷል» ሲል ተሰማ። እሱም ወጥቶ ክንዳቸውን ያዘ። «ይግቡ እንጂ!»

«አይ፣ ቤቴን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁ» አሉ።

ኮከብ ፍሙን አመድ አልብሳ አመጣችላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ነፋስ እንዳይነካው ጋቢያቸውን ከልለውበት፣ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ገብረየሱስና ሚስቱ በሩ ላይ ቆመው አዩአቸው። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ፍሙ ጠፋ። ቆመው ገሉን አዩት። ተመልሰው መለመን ግን አልሆነላቸውም፤ አመዱን እንደያዙ ወደ ጨለመው ቤት ገቡ።